ገና በጮቄ ግርጌ

በዩኒቨርሲቲ የተዋወቅን ጥቂት ጓደኛሞች ዓመት በዓልን በየተራ በአንዳችን ቤተሰብ ዘንድ የማሳለፍ ልማድ አለን። ተራው ብዙ ጊዜ የሚዞረው በአዲስ አበባና በአቅራቢያዋ ባሉ ከተሞች ስለነበር፣ ገና ማለት ለእኛ ከኬክ ቤት ታዝዞ የመጣ ኬክ፣ አምፖል የተጠመጠመበት የፕላስቲክ ዛፍ፣ እንዲሁም ባለቤቶቹ ማጀት ሲደክሙ እኛ ሳሎን ተቀምጠን የምንጠብቀው ምሳ ነበር። የ2012 ዓ.ም. ገና ግን የጎጃሙ ጓደኛችን ተራ ሆነ። እናቱ የሚኖሩት ከደብረ ማርቆስ ወደ ረቡዕ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ባለች መንደር ስለሆነ በዓሉን ለማክበር አባይን መሻገር ግድ ሆነብን። በዚያ ቤት እንግዳ የሚከበረው ቁጭ ብሎ በመጠበቅ ሳይሆን ሥራ በመቀበል መሆኑን የተረዳነው በደረስንበት ምሽት ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሱሉልታንና የፍቼን ደጋ እንቅልፍ ባልለቀቀው ዓይን አለፍነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ግን ማንም የሚተኛ የለም፤ መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ፣ ማለዳ በብርድ የለበስነውን ጃኬት አንድ በአንድ እያወለቅን፣ ከመንገዱ ዳር የተቀመጡትን ዝንጀሮዎች እያየን፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀውን ድልድይ ተሻገርን። ከወዲያ ማዶ ዳገቱን ወጥተን ደጀን ስንደርስ ጃኬቱ ተመልሶ ተለበሰ። ከደጀን ጀምሮ በየትኖራና በሉማሜ በኩል እስከ ማርቆስ ድረስ ግራና ቀኙ የጤፍ አገር ነው፤ ወቅቱ ታኅሣሥ በመሆኑም ያልተከመረው እየተከመረ፣ የተከመረው በየአውድማው በበሬ እየተወቃ ነበር። ገና ለአራሹ ደስ የሚለው፣ በሃይማኖቱ ላይ ተጨምሮ፣ እህሉ ወደ ጎተራ በሚገባበት ሰሞን ስለሚውል ይመስለኛል።

ደብረ ማርቆስ ገበያ የደረስነው ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። በጥንት ስሟ መንቆረር የነበረችው፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማቸው ያደረጓት ይህቺ ከተማ ያን ቀን በበግና በዶሮ ድምፅ ተሞልታ ነበር። ጓደኛችን እናቱ በስልክ ያዘዙትን ብቻ ገዛ፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ ዕጣን፣ አንድ አዲስ ድስት። ስለ ድስቱ ብንጠይቀው «እማማ ያዘዙት ነው፤ ምክንያቱን እነሱን ጠይቁ» ብሎ አለፈን። እኛ በበኩላችን ከአዲስ አበባ ያመጣነው አንድ ካርቶን የገና ጌጥ፣ ማለትም ባለ ቀለም የሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ኳስና ባትሪ የሚሠራ አምፖል ነበረን።

እናቱ በር ላይ ተቀበሉን። ጉንጫችንን እየሳሙ፣ «እሰይ ልጆቼ፣ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ» እያሉ አስገቡን፤ እግራችንን በሞቀ ውኃ አስታጠቡን፤ ጾም ስለሆነ በሽሮና በጎመን እራት አበሉን። እራቱ ከተነሣ በኋላ እሳት ዳር ተቀምጠው የነገውንና የተነገ ወዲያውን ሥራ ያከፋፈሉበት መንገድ ግን እስካሁን ያስገርመኛል። ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን እንጨት እንደሚፈልጥ፣ ማን ከወንዙ ዳር ቄጠማ እንደሚያጭድ፣ ማን ሽንኩርት እንደሚከትፍ በየስማችን ተናገሩ። ለእኔ የደረሰኝ ሽንኩርቱ ነው። ልጃቸው «እንግዶች ናቸው እኮ» ቢላቸው፣ «እንግዳማ ካልሠራ ምን ይዞ ይጫወታል? አፈር ስሆን፣ ባዕድ አታድርጋቸው» አሉት።

እሑድ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ነበር። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚል፣ ብዙ የአባይ ገባር ወንዞች የሚነሡበት ተራራ በመሆኑ በታኅሣሥ ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚበርድ በመጽሐፍ ከማንበብ ወጥቶ መቆም ይሻላል። ቄጠማ አጫጆቹ ሲሄዱ፣ የእማማ ልጅና የጎረቤት ሴቶች ቤቱን መለቅለቅ ጀመሩ። ወለሉና መደቡ በእበት፣ ግድግዳው ደግሞ ከታች በቀይ ከላይ በነጭ አፈር ይለቀለቃል፤ ሁለቱ ቀለሞች በሚገናኙበት ቦታ በጣት የሚሣል ጠመዝማዛ መስመር አለ፤ ይህንን መስመር የሚሥሉት እማማ ብቻ ናቸው፤ ሌላ ሰው ቢነካው «እጅሽ ይንቀጠቀጣል» ተብሎ ይከለከላል። ግድግዳው ሲደርቅ ስፌቶቹ ወጥተው ተሰቀሉ፤ ሌማቱም ሞሰቡም አቧራቸው ተራገፈ። ከደጁ እስከ ምድጃው የሚነጠፈው ቄጠማ ግን ቀድሞ ከተነጠፈ ስለሚጠወልግ ለዋዜማው ማታ በውኃ ተረጭቶ በጥላ ተቀመጠ።

የእኛ ካርቶን ሲከፈት ቤቱ ትንሽ ዝም አለ። አንዷ ጓደኛችን በአካባቢው በብዛት ከሚበቅለው ቀርቀሃ አንድ ዘንግ ተክለን እንደ ዛፍ እናስጊጠው የሚል ሐሳብ አመጣች፤ ልጆቹ በደስታ ዘለሉ። እማማ ኳሶቹን እያገላበጡ ሲያዩ ቆይተው አምፖሉንና ኳሱን ለልጆቹ ሰጡ፤ የሚያብረቀርቀውን ወረቀት ግን ወስደው በግድግዳው ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ዙሪያዋን አስጌጡበት። «ለሷ ነው እንጅ ለቀርቀሃ ምን ይሁነው» አሉ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ያማረው የእሳቸው ነበር።

ሰኞ፣ የዋዜማው ዕለት፣ ሙሉ በሙሉ የማጀት ቀን ነው። ጠላው ከሳምንታት በፊት ተጠንስሶ፣ ጋኑ በወይራ ጭስ ታጥኖ፣ ከገብስ ብቅልና ከጌሾ ተደፍድፎ ስለተቀመጠ የቀረው ማጥለል ብቻ ነበር። ድፎ ዳቦው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት ተደረገበት። ሽንኩርቴም፣ ዓይኔ እያነባ፣ ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ገብቶ እስኪቀላ ድረስ ለረጅም ጊዜ ተቁላላ። ዶሮዎቹን ጓደኛችን «በስመ አብ» ብሎ ባረካቸው፤ ሴቶቹ በፈላ ውኃ ነጭተው፣ በሎሚና በጨው ደጋግመው አጥበው በየመገጣጠሚያው ወደ 12 ብልት አወጧቸው። አንድም አጥንት ሳይሰበር ብልት የምታወጣ ሴት በመንደሩ ስሟ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ በከተማ ልብ ያላልኩት ነገር ገጠመኝ። ኅዳር 15 የተጀመረው ጾመ ነቢያት ገና ስላልተፈታ ወጡን የሚሠሩት ሴቶች ሊቀምሱት አይችሉም፤ ቅቤው፣ ጨው፣ በርበሬው ሁሉ የሚመጠነው በመዓዛውና በመልኩ ነው። እማማ ጭልፋውን አፍንጫቸው አጠገብ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆይተው «ጨው አንሶታል» ይላሉ። ጥርጣሬ ሲገባቸው ጾም ያልጀመረ የጎረቤት ሕፃን ተጠርቶ ጠብታ መረቅ በእጁ መዳፍ ይደረግለታል። ሕፃኑ ያን ቀን በየቤቱ ሲዞር ስለዋለ ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ የገደፈው እሱ ነው።

የአዲሱ ድስት ምሥጢርም የተገለጠው በዚሁ ቀን ነው። ከመካከላችን አንዷ የደሴ ልጅ፣ ሙስሊም ናት። እማማ ይህንን ከልጃቸው ሰምተው ስለነበር ወደ ከተማ ልከው በሙስሊም ጎረቤት እጅ የታረደ ዶሮ አስመጥተዋል፤ በእነሱ ድስት እንዳይነካካ አዲስ ድስት፣ አዲስ ማማሰያ፣ ለብቻ የተቀመጠ ጉልቻ አዘጋጅተዋል። ወጡን ራሷ እንድትሠራ ጠየቋት፤ እሷ ደግሞ ጾመኛ ስላልሆነች እየቀመሰች ሠራችው። በበዓሉ ምሳ ላይ የማን ዶሮ ይሻላል የሚለው ክርክር ባይፈታም፣ ጨው በማስተካከል በኩል የእሷ ሚዛን እንደነበረው እማማ ራሳቸው መስክረዋል።

በዚያ ዓመት ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው፤ በሌላው ዓመት 29 ይሆናል። ማታ ቄጠማው ተነጠፈ፤ ሌሊት ነጠላችንን ተከናንበን በፋኖስና በእጅ ባትሪ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የዋሸራ ስም በቅኔ ተማሪ ዘንድ ያለው ክብር የታወቀ ነው። በማኅሌቱ መሀል አንድ መሪጌታ ቅኔ ሲያቀርቡ፣ ግእዙን የሚያውቁት በግርምት «ይበል!» ሲሉ፣ የማናውቀውም ከፊታቸው እያነበብን አብረን አደነቅን።

ቅዳሴው አልቆ ወደ ቤት ስንመለስ ጾሙ በጥቂት ተልባ ተፈታ፤ ንጋት ላይም ወንዶቹ ወደ ቅርጫው ሄድን። የቅርጫ በሬ የሚገዛው በጋራ ነው። ከታረደ በኋላ ሥጋው በተነጠፈ ቅጠል ላይ እንደ አባላቱ ቁጥር በመደብ በመደብ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ መደብ ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከሻኛውም፣ ከጉበቱም እኩል እንዲደርሰው ከፋዮቹ ቢላቸውን ይዘው ይዞራሉ፤ ከዚህኛው ቆንጥረው ወደዚያኛው ይጨምራሉ፤ አንዱ «ይህ ከብዷል» ሲል እንደገና ይቆነጠራል። ይህ ረጅሙና ጫጫታ የሚበዛበት ክፍል ነው፤ ሚዛን የለም፤ ዓይን ብቻ ነው ዳኛው። በመጨረሻም እያንዳንዱ አባል የራሱን ምልክት ለዕጣ ይሰጣል። አንዱ የቅጠል ግንጣይ፣ አንዱ ጠጠር፣ ሌላው የበሬ አለንጋ ጫፍ ሰጠ፤ ጓደኛችን የአዲስ አበባ ቤቱን ቁልፍ ሰጠ። የማን ምልክት የትኛው እንደሆነ ያላየ ልጅ ከጓሮ ተጠርቶ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ አስቀመጠ። ቁልፉ ያረፈበት መደብ ከሌሎቹ ይልቅ አጥንት የበዛበት ቢመስለኝም አፌን ዘጋሁ፤ ዕጣ ከወደቀ በኋላ ማጉረምረም እንደ ነውር ይቆጠራል። ባል የሞተባቸው አንዲት አዛውንት ምንም ሳያዋጡ ከሁሉም መደብ ቁራጭ ቁራጭ ተሰብስቦ ተላከላቸው፤ ይህ እንደ ደንብ ስለሆነ ማንም የተለየ ነገር አላደረገም።

ምሳውን በዝርዝር መተረክ አያስፈልግም፤ የበላ ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። የዶሮው ፈረሰኛ እንደ ወጉ የአባወራው ድርሻ ነው፤ በዚያ ቤት አባወራው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። እማማ ፈረሰኛውን አውጥተው ለነፍስ አባታቸው አቀረቡ፤ ቄሱም ባርከው ቆረሱና ለልጃቸው፣ ለጓደኛችን፣ በእጃቸው አጎረሱት። ከዚያ በኋላ ጉርሻው እየዞረ እኛ ጋር ደረሰ፤ «በሞቴ» ያልተባለ ጉርሻ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ እህሉ በታጨደበት ሜዳ ላይ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ገና ለመጫወት ወጡ። ጫፉ የቆለመመ የገና ዱላ ተሰጠኝ፤ ከእንጨት የተጠረበችው ሩር ስትመጣ እግሬን ማሸሽ እንጂ መምታት አልሆነልኝም። ባለ ሥልጣን ባለ ሀብት ሳይባል ሰው ሁሉ ይሰደባል፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው በከንቱ እንዳልሆነ ስለ ሩጫዬ የተገጠመልኝን ስሰማ ገባኝ። ግጥሙን እዚህ አልጽፈውም። የላይ ሰፈር አሸነፈ ይላሉ፤ የታች ሰፈር ሰዎች ግን እስከ ቡናው ሦስተኛ ድረስ አላመኑም።

ስንለያይ የፋሲካው ተራ የደሴዋ ጓደኛችን እንዲሆን ተስማምተን ነበር፤ ፋሲካ የእሷ በዓል ባይሆንም ዶሮውን ማን እንደሚያርድ፣ ድስቱን ማን እንደሚገዛ ሁሉ ተነጋግረናል። በመጋቢት ኮሮና አገር ውስጥ ሲገባ ግን ሁላችንም በየቤታችን ዋልን። በፋሲካ ጠዋት እማማ ደውለው «እንኳን አደረሳችሁ» ካሉኝ በኋላ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ነገር ሽንኩርቱን ማን እንደከተፈው ነው። እኔ መሆኔን ስነግራቸው፣ አቆራረጡ አሁንም ትልልቅ መሆኑን ሳያዩት አወቁ፤ ለቀጣዩ ገና ቢላ ሞርደው እንደሚጠብቁኝም ነገሩኝ።