የወላጆቻችንን የጭቃ ቤት ስናድስ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ የሚገኘውን የወላጆቻችንን የጭቃ ቤት ለማደስ ከእህትና ወንድሞቼ ጋር ስንነሳ፣ ብዙ ሰው አፍርሰን በብሎኬት እንድንሠራው መክሮን ነበር። እኔ ግን የተጎዳው ከመሬት የተጠጋው ክፍል ብቻ ስለሆነ ግድግዳው እንደሚድን አምን ነበር። በጣና ዳርቻ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለው ዝናብ ከቆርቆሮው ጠርዝ ወርዶ መሬቱን ሲመታ፣ የሚረጨው ውኃ የግድግዳውን ሥር ያርሰዋል፤ እርጥበቱም ምስጥን ይስባል። ስለዚህ አናጺው አጎታችን የበሰበሱትን የባሕር ዛፍ ቋሚዎች እየመረጡ አወጡ፤ እኛም በአካባቢው በብዛት በሚገኘው ጥቁር ድንጋይ መሠረቱን ከመሬት ከፍ አድርገን ገነባን።

ጭቃውን የተቆጣጠሩት እናታችን ናቸው። የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ ውኃ እየጠጣና እየተረገጠ በሚገባ እስኪቦካ ድረስ አንድ እፍኝ እንኳ እንዲለጠፍ አልፈቀዱም፤ ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ የሚመጣውን መሰንጠቅ ስለሚቀንስ ትዕግሥታቸው ተገቢ ነበር። ልስኑ በሲሚንቶ ይሁን የሚል ሐሳብ ሲነሳ አጥብቄ ተቃወምኩ፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውሎ አድሮ ከጭቃው ይላቀቃል። ቀለሙንና ኮርኒሱን የእህቴ ልጆች ጨረሱት። አሁን የቀረን የጣሪያውን ጠርዝ ማስረዘምና አሸንዳ መግጠም ሲሆን፣ ክረምቱ ሳይገባ ለመፈጸም ተስማምተናል።