ሞንዡይክን ስወጣ፦ የጠፋ የብስክሌት ውድድር ታሪክ እንዴት እንደሰበሰብኩ

መጀመሪያ ሞንዡይክ ኮረብታ የወጣሁት ለብስክሌት ብዬ አልነበረም። ለደራርቱ ብዬ ነው። ባርሴሎና በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ከፖብሌ ሴክ ሰፈር ተነስቼ አቀበቱን በእግሬ ያዝኩት። ስታዲየሙ በር ላይ ስደርስ ላብ አጥምቆኛል። ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. የ10 ሺህ ሜትር ወርቋን ያገኘችው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው። ከደቡብ አፍሪካዋ ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው የዞሩትን ዙር በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። በአጥሩ ሽንቁር ሜዳውን እያየሁ ብዙ ቆምኩ።

ስመለስ አንድ ሽማግሌ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሽቅብ የሚወጡ ብስክሌተኞችን ያያሉ። ሰላም አልኳቸው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ለምን እንደመጣሁም ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ "እኔ ደግሞ እዚችው ጋ ቆሜ መርክስን አይቻለሁ" አሉኝ። "በመጸው ይመጣል። ይወጣል። ያሸንፋል። አሁን ያ ውድድር የለም።"

ኤዲ መርክስን አውቃለሁ። ብስክሌት የሚወድ ሰው ቤልጅጋዊውን መርክስን ሳያውቅ አይቀርም። ያንን ውድድር ግን ሰምቼው አላውቅም። ማታ ቤት ገብቼ ስሙን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ ኤስካላዳ አ ሞንዡይክ። ኤስካላዳ በስፓኒሽም፣ የባርሴሎና ክልል የካታሎኒያ ቋንቋ በሆነው በካታላንም አቀበት መውጣት ማለት ነው። ታሪኩን በአማርኛ ጽፌ፣ በሳምንቱ መጨረሻ አብረን ብስክሌት ለምንነዳ ልጆች ላነብላቸው ወሰንኩ። ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ውድድሩ ምን እንደነበረ ላስረዳ። ሞንዡይክ ከባሕሩ ወደቡ ጎን ብድግ ያለ ኮረብታ ነው። ከፍታው 200 ሜትር አይሞላም። እንጦጦን ለለመደ ሰው ጉብታ ነው። ግን ከተማው መሃል ነው ያለው። አናቱ ላይ ምሽግ አለ፤ ወገቡ ላይ ስታዲየሙ፤ በባሕሩ በኩል የመቃብር ቦታው። ኤስካላዳው የሚካሄደው በኦክቶበር፣ የብስክሌት ዓመት ሊዘጋ ሲል ነው። የአንድ ቀን ውድድር ቢሆንም በሁለት ይከፈላል። መጀመሪያ ሁሉም በአንድ ላይ ይነሳሉ፤ የኛ ብስክሌተኞች ማስ ስታርት የሚሉት ዓይነት ነው። ቀጥሎ ክሮኖ ነው፤ እያንዳንዱ ብቻውን ሰዓት ይዞ ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው አሸናፊው ይለያል። አቀበቱ አጭር ስለሆነ መደበቂያ የለውም። ጓደኛ ጀርባ ተለጥፎ ጉልበት መቆጠብ ብዙም አያዋጣም። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ምሳውን በልቶ፣ ልጆቹን ይዞ በእግሩ ወጥቶ፣ የዓለምን ትልልቅ ብስክሌተኞች በአንድ ክንድ ርቀት ያያል። ትኬት የለ፣ ወንበር የለ። ሽማግሌውን ለ50 ዓመት ያስታወሳቸው ይሄ ይመስለኛል።

የጀመርኩት ብዙ ሰው በሚጀምርበት መንገድ ነው። የአሸናፊዎች ዝርዝር ፈለግኩ። አገኘሁ። ከ1965 እስከ 2007። መርክስ 6 ጊዜ። በ1960ዎቹ ፈረንሳዊው ሬይሞን ፑሊዶርም አለበት። በአንድ ማታ የጨረስኩ መሰለኝ። በማግስቱ ዝርዝሩን ሳነበው ግን ምንም አልነገረኝም። ስም አለ፣ ዓመት አለ። ሰዎቹ እንዴት እንደወጡ፣ ሕዝቡ ምን እንዳለ፣ ሽማግሌው ለምን ድምፃቸው እንደተሰበረ የለም። ደብተሩን ዘጋሁትና እንደገና ልጀምር አልኩ።

የድሮ ጋዜጣ መግባት ነበረብኝ። ባርሴሎና በዚህ ዕድለኛ ከተማ ናት። ሙንዶ ዴፖርቲቮ የሚባለው የስፖርት ጋዜጣ ከ1906 ጀምሮ ይታተማል። የድሮ ገጾቹ በኢንተርኔት ይገኛሉ። ከመሥራቾቹ አንዱ ናርሲስ ማስፌሬር በ1911 የተጀመረውን የካታሎኒያ ዙር፣ ቮልታን፣ ካቋቋሙት ሰዎችም አንዱ ነው። እዚህ ከተማ የስፖርት ጋዜጣውና የብስክሌት ውድድሩ ከአንድ ማጀት የወጡ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ብስክሌት በዚያ ጋዜጣ ላይ ከጥግ የሚወረወር ወሬ አይደለም። ሙሉ ገጽ ይሰጠዋል።

የምሠራው ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ዕረፍቴ ሰኞ ነው። ሰኞ ሰኞ ሰፈራችን ያለው ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ ስሙን አስገብቼ እፈልጋለሁ። የቅርቦቹ ዓመታት ዜና ይመጣል። የድሮዎቹ ግን የሉም። የመርክስ ዘመን ጭራሽ ባዶ ነው። ሁለት ሳምንት እንዲሁ ለፋሁ። ጋዜጣው ስለ ውድድሩ አልጻፈም ብዬ ልደመድም ነበር።

ችግሩ አንድ ፊደል ነበር። ሞንዡይክ ዛሬ የሚጻፈው በካታላን ነው፤ መጨረሻው "ሲ" ብቻ ነው፣ "አይ"ዋም ሁለት ነጥብ ጣል ይደረግባታል። በስፔኑ አምባገነን በፍራንኮ ዘመን ግን ካታላን ከአደባባይ ተገፍቶ ነበር። ጋዜጦች ቦታውን የሚጽፉት በስፓኒሽ አጻጻፍ ነው፤ መጨረሻው ላይ "ሲ" እና "ኤች" አለበት። ያቺን "ኤች" ጨምሬ ስፈልግ ያ ሁሉ ገጽ ጎረፈ። የብስክሌተኞቹ ፎቶ፣ የሰዓቱ ሠንጠረዥ፣ በመንገዱ ዳር የቆመው ሕዝብ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ድምፅ አውጥቼ "እሰይ!" አልኩ።

ይህን እኛም እናውቀዋለን። ናዝሬትን ብቻ ፈልጎ አዳማን ያጣ ሰው፣ ደብረ ዘይት ብሎ ቢሾፍቱን ያላገኘ ሰው ስንት ነው? ስለ ሌላ አገር ስጽፍ ግን ረሳሁት። አሁን አንድ ቦታ ላይ ልጽፍ ስነሳ አስቀድሜ የምጠይቀው በየዘመኑ ምን ተብሎ ይጠራ እንደነበር ነው። ሌላም ነገር ተማርኩ። የድሮ ገጽ በማሽን ሲነበብ ፊደል ይበላል። የደበዘዘ ቀለም ሌላ ቃል ይሆናል። ስለዚህ ፍለጋውን ተውኩትና የኦክቶበርን ጋዜጦች በየዓመቱ አንድ በአንድ መግለጥ ጀመርኩ። አድካሚ ነው። ያልፈለግኩትን ያገኘሁት ግን በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ የዘመን አቆጣጠሩ መጣ። ለአማርኛ አንባቢ እየጻፍኩ ስለሆነ ቀኖቹን ወደ ኛ ለመመለስ ወሰንኩ። ውድድሩ የተጀመረው በ1965 ኦክቶበር ነው፤ በኛ 1958 ዓ.ም. ነው። 8 ቀንሼ አንዳንዴ 1957 ጽፌ ተገኘሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ 7 መሆኑን ልጅ ሆኜ ነው የተማርኩት። ሲደክመኝ ግን እጄ በልማድ 8 ይቀንሳል። ጠቅላላ ዝርዝሩን እንደገና ሠራሁ።

ያ ድካም ግን አንድ ነገር አሳየኝ። መርክስ በ1972 ኤስካላዳውን አሸንፏል። በዚያው ኦክቶበር ሜክሲኮ ሲቲ ሄዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ከ4 ዓመት በፊት ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈባት ከተማ መሆኗ ነው። ቀኑ በኛ ጥቅምት 15 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ሴፕቴምበር 2 ደግሞ፣ 1973፣ የዓለም ሻምፒዮና ባርሴሎና ላይ ተካሄደ። መንገዱ ሞንዡይክ ነው። በፈረንጆቹ ሁለት የተለያዩ ዓመታት ናቸው። በኛ ግን ነሐሴ 27 ቀን 1965 ዓ.ም. ይሆናል። ያው 1965። የመርክስ የክብሩ ጫፍና የሞንዡይክ ሐዘኑ በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ገብተው አገኘኋቸው። በፈረንጁ ቁጥር ብቻ ባየው አይታየኝም ነበር።

ሐዘን ያልኩት በምክንያት ነው። ያን ቀን መጨረሻ ላይ አራት ሰው ተረፈ። መርክስ፣ የአገሩ ልጅ ፍሬዲ ማርተንስ፣ ስፔናዊው ሉዊስ ኦካኛ፣ ጣሊያናዊው ፌሊቼ ጂሞንዲ። ሁለት ቤልጅጋውያን ስላሉ ወርቁ የቤልጅግ ነው የሚል ግምት ነበር። አልሆነም። ጂሞንዲ ማርተንስን ቀድሞ ገባ። ኦካኛ ሦስተኛ፣ መርክስ አራተኛ። ስድስት ጊዜ የነገሠበት ኮረብታ ሜዳሊያ እንኳ ነሳው። በመርክስና በማርተንስ መሃል የተነሳው ቅያሜ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይበርድ ቆየ።

ይህን ሳነብ ሽማግሌው ትዝ አሉኝ። መጀመሪያ የተገናኘን ዕለት፣ "መርክስ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውም እዚሁ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ" ብለውኝ ነበር። እኔም አምኜ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። እንዳለ ላወጣው ነበር። መርክስ በፕሮፌሽናሎች ውድድር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው 3 ጊዜ ነው፤ አንዱም ባርሴሎና አይደለም።

ብዙ አሰብኩበት። ሰውየው አልዋሹም። በየመጸው እዚያው መንገድ ዳር ቆመው መርክስ ሲያሸንፍ ያዩ ሰው ናቸው። ድሉን ደጋግመው አይተው፣ ያቺን አንድ ሽንፈት ልባቸው አልቀበል ብሏል። ትዝታ የሚወደውን አንድ ላይ ያስራል። ከዚያ በኋላ ለራሴ ደንብ አወጣሁ። ሰው የነገረኝን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ግን ቀንና ውጤት ከሆነ ጋዜጣ ሳላይ አላወጣም። አንድ ጋዜጣም አይበቃም። ከሙንዶ ዴፖርቲቮ ያገኘሁትን ከ1881 ጀምሮ በሚታተመው ላ ቫንጓርዲያ አመሳክራለሁ። ጋዜጣ ደግሞ የማይሰጠኝ ነገር አለ። ሕዝቡ የቱ መታጠፊያ ላይ ይበዛ እንደነበር፣ እናቶች ዳቦና ቋሊማ በጨርቅ ጠቅልለው ይወጡ እንደነበር የነገሩኝ ሽማግሌው ናቸው። ይሄኛውን እርሳቸው እንዳሉት አድርጌ፣ ከእርሳቸው እንደሰማሁት ጠቅሼ ጻፍኩት።

መንገዱንም ነዳሁት። ይህን ቀደም ብዬ ማድረግ ነበረብኝ። ስድስት ወር ሙሉ ስለ አቀበት ያነበብኩት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። በአሮጌ ብስክሌቴ ስወጣ ግን ጋዜጣው "እዚህ ጋ ተለያዩ" የሚለው ለምን እንደሆነ እግሬ ነገረኝ። መንገዱ ታጥፎ ድንገት ቀጥ ይላል። ማርሽ ለመቀየር ከዘገየህ አለቀልህ። የሚቀጥለውን ገጽ ስጽፍ ቋንቋዬ ተቀየረ።

ስለ መጨረሻው ብዙ አልጻፍኩም። የመጨረሻው ኤስካላዳ የተካሄደው በ2007 መጸው ነው፣ እኛ ሚሌኒየማችንን ከተቀበልን ብዙም ሳይቆይ። ዘመኑ ለስፔን ብስክሌት ክፉ ነበር። የካታሎኒያ ሳምንት የሚባለው ሴትማና ካታላና የተካሄደው ለመጨረሻ ጊዜ በ2005 ነው፤ ያን ያሸነፈው ወጣቱ አልቤርቶ ኮንታዶር ነበር። በ2006 ኦፔራሲዮን ፑዌርቶ የተባለው የዶፒንግ ምርመራ ፈነዳ፤ ሊበርቲ ሴጉሮስ የሚባለው ትልቅ ስፖንሰር ወዲያው ከስፖርቱ ወጣ። በባስክ አገር ከኤይባር ከተማ የተወለደው ኤውስካል ቢዚክሌታ የተባለው ውድድርም ከ2008 በኋላ ብቻውን አልቀጠለም። ኮረብታው ግን ብስክሌት አላጣም። ቮልታ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻ ቀኑን እዚያ ያደርጋል። ሲያልፍ ከሥራ ፈቃድ እየጠየቅኩ እወጣለሁ።

ጽሑፉን ስጨርስ የ1973ቱን የጋዜጣ ገጽ አተምኩና ሽማግሌውን ፍለጋ ወጣሁ። እዚያው ወንበር ላይ አገኘኋቸው። እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ነበር። "አባቴ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት" ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩት። የጂሞንዲን ፎቶ በጣታቸው ነኩ። "ልክ ነህ" አሉኝ። "አራተኛ ነው የወጣው። ያን ቀን አባቴ እስከ ቤት ድረስ አላናገረኝም።"

ከዚያ ስለ ደራርቱ ጠየቁኝ። ያን ማታ ስታዲየም አልገቡም፤ ትኬቱ ውድ ነበር። ጩኸቱን ግን በመስኮታቸው ሰምተዋል። የማን እንደነበር አያውቁም። ስሟን ነገርኳቸው። ደግሜ እንድነግራቸው ለመኑኝ። እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡና፣ እኔ ቀስ እያልኩ ስጠራላቸው፣ በጋዜጣው ገጽ ጠርዝ ላይ፣ ከጂሞንዲ ፎቶ አጠገብ፣ በራሳቸው ፊደል ደራርቱ ብለው ጻፉ።