ከኮምቦልቻ ሽቅብ

ጣርማበርን ወርደን ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን አልፈን ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ጋቢ አስወለቀን። ከዚያ የሀረጎ ዳገት ጀመረ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ያወለቅነውን መልሰን ደረብን። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ምሳ በልተን ወደ ሐይቅ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ፤ አክስቴ እዚያ ናቸው።

የመጣሁት ለጥየቃ ነው። ከዶክትሬት በኋላ ያለውን የምርምር ሥልጠናዬን የምከታተለው በውጭ አገር፣ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አንጎል በኤም አር አይ፣ ማለትም በማግኔት ኃይል የአንጎልን ምስል በሚያነሳ መሣሪያ፣ ከሚያጠና ቡድን ጋር ነው። ከሩቅ ያማረ ሥራ ይመስላል። ውሎዬ ግን ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ፣ ሶፍትዌሩ ያሰመረውን የሂፖካምፐስ፣ ማለትም ለማስታወስ የሚረዳውን የአንጎል ክፍል፣ ድንበር መፈተሽና ሰውየው ጭንቅላቱን በማንቀሳቀሱ የደበዘዘውን ምስል መጣል ነው። ዝም ብሎ መተኛት የሚከብደው ብዙ ጊዜ ሕመሙ የጠናበት ሰው ስለሆነ፣ ከጥናቱ የሚወጣውም እሱ ይሆናል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣

«ልጄ፣ ያ ፎቶ በሽታውን ያሳያል?» አሉኝ።

ልጃቸው ለዓመታት ታሟል። ድምፅ ይሰማል፣ ከሰው ይሸሻል፣ ሌሊት ወጥቶ ይሄዳል። ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ አስደርገዋል፤ ሐኪም ግን አይቶት አያውቅም።

«አያሳይም አባቴ» አልኳቸው።

ነገሩ ይህ ነው። በ1976 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንግሊዝ አገር 17 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን በሲቲ ስካን፣ በራጅ በሚነሳ የአንጎል ምስል፣ ሲታዩ፣ በአንጎላቸው ውስጥ ያሉት ፈሳሽ የሚይዙ ክፍተቶች ሰፍተው ተገኙ። በፈረንጆቹ 2016 ደግሞ ከብዙ አገሮች የተሰበሰበ የ2,028 ሕሙማንና የ2,540 ጤነኞች ምስል ሲነጻጸር፣ የሕሙማኑ ሂፖካምፐስ በአማካይ አነስ ብሎ፣ ክፍተቶቹም ሰፋ ብለው ታዩ። በአማካይ ነው! አንድ ምስል ብቻ ቢሰጠኝ የታማሚ ይሁን የጤነኛ መለየት አልችልም። ሐኪም ምስል የሚያዝዘው ዕጢ ወይም ሌላ የአንጎል ጉዳት ሲጠረጥር ነው፤ ስኪዞፍሬኒያን ራሱን የሚለየው ሕመምተኛውንና ቤተሰቡን ጠይቆ፣ ሁኔታውን ተከታትሎ ነው።

ለሽማግሌው ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። በእኛ ሙያ እንደ ልጃቸው ያለ ሰው ብርቅ ነው። የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት ራሱ የአንጎልን መጠን ሊቀንስ እንደሚችል በጦጣዎች ላይ ታይቷል፤ ስለዚህ የበሽታውን ከመድኃኒቱ ለመለየት ተመራማሪዎች መድኃኒት ቀምሶ የማያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ሀብታም አገር ውስጥ፣ ለዓመታት ታሞ ሳይታከም የቆየ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። እኛ ዘንድ ግን ቡታጅራ ላይ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ያዳረሰው ጥናት ካገኛቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው የማያውቁ ነበሩ። ለጥናት የምንመኘው ሰው፣ ሕክምና ያልደረሰለት ሰው ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ሥራ ላይ የዋለው በፈረንጆቹ 1952 መሆኑን ሳስብ ምኞቱ ያሳፍረኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ምስሉን አንስቶ ያለ መድኃኒት የሚሸኝ ጥናት ቢመጣ፣ እኔ አልገባበትም።

ደግሞ የኤም አር አይ መሣሪያው ወሎ ቢመጣ እንኳ ሌላ ጣጣ አለው። ኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ ከመግባት በፊት «ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። እኔ በምሠለጥንበት ከተማ ጥያቄው የልብ ምት መቆጣጠሪያን ወይም የቀዶ ሕክምና ብሎንን ነው የሚያስታውሰው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈባቸው የደሴ፣ የወልዲያና የቆቦ ሰዎች ግን የጥይትና የመድፍ ፍንጣሪ ይዘው ይኖሩ ይሆናል፤ ዓይን አጠገብ ያለች ቅንጣት ብትንቀሳቀስ ልታሳውር ትችላለች። የብር ሐብሉና በብረት የታሸገው ክታብም መውለቅ አለበት። ክታቡን በምን ቋንቋ አስፈቅዶ ማስወለቅ እንደሚቻል የሚያስተምር መመሪያ አላየሁም።

የሐይቁ ውኃ ከሩቅ መታየት ሲጀምር ሽማግሌው ወደ ጉዳያቸው ተመለሱ።

«እንግዲያ ምን ላድርግ?»

ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳለ፣ ክኒን መዋጥ ለሚያስቸግረው በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ እንዳለ ነገርኳቸው።

«ሰኞ ለገበያ እወጣለሁ፤ ይዤው እመጣለሁ። መርፌው ስንት ነው?»

የኤም አር አይ የአንድ ሰዓት ኪራይ ስንት እንደሆነ በቃሌ አውቃለሁ። የመርፌውን ዋጋ ግን ደሴ ለሚሠራ የሙያ ባልደረባዬ ደውዬ ነው የነገርኳቸው።