አሥራ አንድ ጀሪካን ዘይት

ጎንደር ፒያሳ በሚገኝ አንድ ሚኒ ማርኬት የሱቅ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአንዲት ካሸራችን ላይ የፈረምኩት የደመወዝ ቅነሳ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ጊዜው ዋጋ አልጨበጥ ያለበት ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ በመድረሱ፣ ከውጭ የሚገቡት ዘይትና የዱቄት ወተት በመጡ ቁጥር አዲስ ዋጋ ይዘው ይመጡ ነበር። አዲሱን ዋጋ ማሽኑ ላይ የማስገባውም፣ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ወረቀት የምቀይረውም እኔ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ባለአምስት ሊትሩ ዘይት 150 ብር ጨመረ። ማሽኑን በጠዋት አስተካከልኩ፤ ነገር ግን ዕቃ የጫነ መኪና በመድረሱ ወረቀቱን ሳልቀይር ወደ መጋዘን ገባሁ። ደንበኞች በወረቀቱ ያዩትን ዋጋ ቆጥረው ሲሰጡ ደረሰኙ ሌላ እያወጣ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ልጅቷም ሰልፉ ሲረዝምባት በአሮጌው ዋጋ ተቀበለች። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አሥራ አንድ ጀሪካን ተሸጦ 1,650 ብር ጎደለ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ እኮ አልተቀየረም ነበር» አለችኝ።

«ማሽኑ ያለውን መቀበል ነው ያንቺ ሥራ» አልኳት፤ ጉድለቱም በሙሉ ከወሩ ደመወዟ እንዲቆረጥ ፈረምኩ።

ደመወዟ 3,500 ብር ነበር። በወቅቱ የግብር ስሌት 397 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ለጡረታ ደግሞ 7 በመቶው ማለትም 245 ብር ሲነሣለት፣ እጇ የሚገባው 2,857 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ጉድለቱ ሲቀነስ 1,207 ብር ከ50 ቀረ። ፔሮሉን የሠራሁት እኔው ብሆንም ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከደመወዝ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት ላይ መጋዘን ስገባ ነው። ካርቶን ላይ ተቀምጣ ምሳ ዕቃዋን ከፍታለች፤ ውስጡ ያለው የደረቀ እንጀራና ጥግ ላይ የተደፋ ጥቂት በርበሬ ብቻ ነው። ስታየኝ ክዳኑን መለሰችው። ወጥ የሌለው ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ ማራኪ አካባቢ ከጓደኛዋ ጋር በ2,400 ብር አንድ ክፍል ተከራይተው እንደሚኖሩ፣ የእርሷን ድርሻ 1,200 ብር ከፍላ የተረፋት ሰባት ብር ከሃምሳ እንደሆነ ድምፅዋን ሳትለውጥ ነገረችኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ቡና ላይ ነገሩን ለእናቴ አነሣሁላት። እናቴ በደርግ ዘመን በቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና ስታከፋፍል የኖረች ናት። እውነቱን ለመናገር፣ ሳጫውታት ራሴን ለማጽናናት ነበር፤ «አንቺ በ62 ብር ደመወዝ አራት ልጅ አሳድገሽ የለም ወይ፤ የዛሬ ልጆች ገንዘብ መያዝ አያውቁም» አልኳት። መልስ ሳትሰጠኝ ተነሥታ ከሣጥኗ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የደረሰኝ እሽግ አወጣች። የቀበሌ ማኅተም ያረፈበት የቤት ኪራይ ደረሰኝ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ የተጻፈው ሰባት ብር ነው።

«እስቲ የልጅቷን ኪራይ ከደመወዟ ጋር አስላው» አለችኝ።

አሰላሁት። እናቴ ለመላው ቤተሰብ ቤት የምትከፍለው ከደመወዟ አንድ ዘጠነኛ ነበር። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የቀበሌ ቤት ኪራይ ለዓመታት ሳይነቃነቅ ስለቆየ፣ ስኳሩም በራሽን በተወሰነ ዋጋ ስለሚሰጥ፣ ትንሿ ደመወዝ የምትደርስበት ቦታ ነበራት። በእርግጥ ያም ዘመን ሰልፉና እጥረቱ የከበደ ነበር፤ እናቴም አትክደውም። ካሸራችን ግን ለግማሽ ክፍል የምትከፍለው እጇ ከሚገባው ከመቶ አርባ ሁለቱን ነው። እኔ ለዓመታት የእናቴን 62 ብር ብቻ እየጠቀስኩ ወጣቶቹን ስወቅስ፣ ሰባቱን ብር አንድም ቀን አንሥቼ አላውቅም።

በማግስቱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አነበብኩ፤ ኃላፊ ከመሆኔ በፊት ላነበው ይገባ ነበር። ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ወይም ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር ደመወዝ አይቆረጥም፤ ቢቆረጥ እንኳ በአንድ ጊዜ የወር ደመወዙን አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። የ3,500 ብር አንድ ሦስተኛ 1,166 ብር ገደማ ነው፤ እኔ የፈረምኩት ደግሞ ያለ ስምምነቷ 1,650 ብር ነው።

ለባለቤቱ ስህተቱ የእኔ መሆኑን በጽሑፍ አመልክቼ፣ ገንዘቡ ለልጅቷ እንዲመለስና ከእኔ ደመወዝ በሁለት ወር እንዲቆረጥ ጠየቅሁ፤ ተስማማ። የእርሷንና የጓደኞቿን ደመወዝ ማሻሻል ሳነሣ ግን የሱቁ ኪራይም እንደጨመረበት ነግሮኝ ነገሩ በዚያው ቀረ። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ በደንብ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ በዚያ ወቅት ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተቆረጠ የደመወዝ ወለል ስላልነበረ፣ የምጠቅሰው ሕግ አልነበረኝም።

ልጅቷ ከጥምቀት በኋላ ሥራውን ለቅቃ ወላጆቿ ዘንድ ወደ ገጠር ተመለሰች። በእርሷ ቦታ ሌላ ወጣት ተቀጥሯል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የገቢ ግብሩ በመሻሻሉ ከደመወዙ የሚነሣው ግብር ወደ 225 ብር ወርዶለት 3,030 ብር እጁ ይገባል፤ የዋጋ ወረቀቱንም ማሽኑን ከመንካቴ በፊት እቀይራለሁ። የመነሻ ደመወዙ ግን ያው 3,500 ብር ነው።