«መከለሻ፦ ወጡ ሊወርድ ሲል ብቻ»

ዛሬ ሆድ ብሶኝ ነው የዋልኩት። እማዬን ጠዋት ቃሊቲ መናኸሪያ ሸኝቼ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሎ ጠበቀኝ። ቱሉ ዲምቱ ነሐሴ ላይ እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ፤ ከታክሲ ወርዶ ብሎኩ ጋ እስኪደረስ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። መብራትም የለም። ቡና ላፍላ ብዬ ለአንድ ሰው ጀበና መጣድ አስጠላኝ።

ሽሮ ልሥራ ብዬ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ስከፍት፣ እማዬ ያመጣችውን ሁሉ በየዕቃው ገልብጣ፣ በእስክሪብቶ ጽፋ፣ በፕላስተር ለጥፋበታለች። «ሽሮ። ጨው አለው፣ ደግመሽ እንዳትጨምሪ።» «መከለሻ። ወጡ ሊወርድ ሲል ብቻ።» ከጎናቸው ካለፈው ዓመት የተረፈ አንድ ዕቃ አለ፤ «ቅመም» ይላል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ዓመት ሙሉ ያልተነካው ለካ ለዚህ ነው። የምን ቅመም? መቼ የሚገባ?

እዚያው ቆሜ ሥራችን ትዝ አለኝ። ሰሞኑን ስንታገልበት የከረምነው ይኸው ነገር ነው።

ለባለሱቆች የምንሠራው የሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) ረዳት በቴሌግራም ያወራል፣ ዱቤ ይይዛል፣ ዕቃ ያዛል። ግን አንዱ ወሬ ሲያልቅ ሁሉን ይረሳል። ስለዚህ ማስታወሻ የሚጽፍበት መሣሪያ፣ ማለትም ሲፈልግ የሚጠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ ሰጠነው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሞዴሉ፣ ማለትም ከረዳቱ ጀርባ ያለው AI፣ የመሣሪያውን ኮድ አያይም። ስሙን፣ መግለጫውንና የሚሞሉትን ቦታዎች ብቻ ነው የሚያነበው። የAI ኩባንያው አንትሮፒክ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2024 ያወጣው፣ ሞዴሎችን ከመሣሪያዎች ጋር የሚያገናኘው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልም መሣሪያን የሚያስተዋውቀው በእነዚሁ ነው። መግለጫው ላይ ያልተጻፈ ነገር ለሞዴሉ የለም። እማዬ መንገድ ላይ ናት፣ ስልኳ አይሠራም፤ እኔ ያለኝ የተለጠፈው ወረቀት ብቻ ነው። ረዳቱም እንደዚያው።

የመጀመሪያው መግለጫችን «ስለ ተጠቃሚው ጠቃሚ መረጃ ያስቀምጣል» ይል ነበር። ያገኘውን ሁሉ ማስቀመጥ ጀመረ። አንዲት ባለሱቅ አንድ ማታ ሒሳብ ስትዘጋ «ኧረ ደክሞኛል» ብላ ጻፈች። «ተጠቃሚዋ ይደክማታል» ብሎ ያዘ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት «ድካሙ ተሻለዎት?» እያለ ይጠይቃታል። ደውላ «እኔ መቼ ታመምኩ?» አለችን። የአንድ ማታ ድካም የሴትየዋ ጠባይ ሆኖ ተመዘገበ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

እሷው ሌላ ቀን «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ዘይት ይመጣልኛል፣ አስታውሰኝ» አለችው። 02:00 አድርጎ ያዘውና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቀሰቀሳት። «ነገ»ንም «ነገ» ብሎ ነበር ያስቀመጠው፤ በማግስቱ ሲያነበው ዘይቱ እንደገና ነገ የሚመጣ ሆነ። ስም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሃይ፦ መፈለጊያችን ፊደል በፊደል ስለሚያነጻጽር የአንዲት ሴት ዱቤ በሦስት ሰው ስም ተከፋፈለ።

አሁን መግለጫው ረዝሟል። ግን ረዘመ ብዬ አልቆጭም። «ከዛሬ በኋላም የሚያገለግል ነገር ሲሆን ብቻ አስቀምጥ፦ ዱቤ፣ ቀጠሮ፣ የዕቃ ምርጫ። የዕለት ስሜትን አታስቀምጥ። ከማስቀመጥህ በፊት ፈልግ፤ ስሙ በሌላ ፊደል ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ነገ፣ ቅዳሜ የሚሉትን ወደ ቀን ለውጥ። ጠዋት 2 ሰዓት ማለት 08:00 ነው። በአንድ ማስታወሻ አንድ ነገር ብቻ።» የሥራ ባልደረባዬ በእንግሊዝኛ ጽፎ ምሳሌዎቹን በአማርኛ አስገባ። ከሁሉም በላይ የለወጠው «አታስቀምጥ» የምትለዋ ናት። «ደግመሽ እንዳትጨምሪ» እንደማለት።

ሁሉም ተስተካከለ ብለን ነበር። ትናንት ማታ ግን ያቺው ባለሱቅ እንዲህ ጻፈች፦ «ስኳር 50 ኪሎ ጨምርልኝ። ቅዳሜ አልከፍትም፣ የባለቤቴ አርባ ነው።»

ረዳቱ ስኳሩን አዘዘ፣ ቅዳሜን ወደ ቀን ለውጦ «ሱቅ ዝግ» ብሎ ያዘ፣ የቀረውን ተወው። መግለጫው ያለውን አንድ በአንድ ፈጸመ። ባልደረባዬ «ልክ ነው፣ ሐዘኗን አስቀምጥልኝ አላለችም፣ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ይላል። በዚህ እስማማለሁ። የሰው ሐዘን የዱቤ መዝገብ ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

ግን ማታ መዝገቧን ስከፍተው ከሰኔ የተጻፈ አንድ መስመር አገኘሁ፦ «ዘይት ሲመጣ የሚረከቡት ባለቤቷ ናቸው።» ሲጻፍ ትክክል ነበር። ያስቀመጥነውም በደንባችን መሠረት ነው፤ ለሌላ ቀን የሚያገለግል፣ አንድ ነገር ብቻ የያዘ። ሰኞ ዘይት ይመጣላታል። ረዳታችንም በትሕትና «ባለቤትዎ ይረከባሉ?» ብሎ ይጠይቃታል።

መስመሩን በእጄ ልሰርዘው እችላለሁ፤ እሰርዘዋለሁም። ግን በቁጥር የበዙት ሌሎቹስ? «አዲስ ወሬ አሮጌውን ሲያፈርስ አሮጌውን አርም» ብዬ ልጻፍ? አፍርሶታል ብሎ እንዲያውቅ እኮ መጀመሪያ «አርባ» ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ቁጥር ነው ብሎ ቢያልፈውስ? ወይም ይባስ ብሎ፣ ባሏ አርባ ዓመት ሞላው ብሎ እንኳን አደረስዎ ቢላትስ?