አሮጌው ባንድሶው ነፍስ ዘራ
ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ቤቴ ጓሮ ያለውን አሮጌ ባንድሶው (በሁለት መዘውር ላይ የሚዞር ረጅም ምላጭ ያለው የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን) ሰሞኑን ፈትቼ ሰራሁት፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሶኬቱን ነቅዬ መጀመሪያ ያየሁት የላይና የታች መዘውሮቹን ነው፣ ላስቲካቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል የድሬ ሙቀትም ጨምሮበት መሰለኝ፣ እሱን ቀየርኩ፣ ኩሽኔታና ቺንጋም አዲስ አደረግኩ (ድሬ በባቡር የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ጎበዝ መካኒክ አይጠፋም)። ትልቁ ለውጥ ግን ምላጩ ነው! ወፍራም ዋንዛ ለመሰንጠቅ በኢንች 3 ጥርስ ያለው ይሻላል፣ ጥርሱ ከበዛ ሰጋቱራው መውጫ ያጣና ምላጩ ይግላል፣ ቆረጣውም ይጣመማል። ምላጩን ግራና ቀኝ የሚደግፉትን የጎን ደጋፊዎች ደግሞ ከምላጩ በወረቀት ውፍረት ብቻ አርቋቸው፣ ጥርሱን እንዳይነኩት ትንሽ ወደኋላ ሳቡ፣ ከነኩት ወዲያው ይዶለዱማል። አሁን ለመሳቢያ የሚሆን ስስ ጣውላ እያወጣሁበት ነው።