ፈርምዌሩ የጎደለበት ቀን

መሥሪያ ቤታችን ዕድሜያቸው የገፋ ላፕቶፖች ዴቢያን ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ተጭኖባቸው እንዲያገለግሉ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወስን፣ ሠራተኞች ራሳቸው የሚጭኑበትን መመሪያ የማዘጋጀቱ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠኝ። 14 ገጽ ጻፍሁ፤ እያንዳንዱን ደረጃ በራሴ ኮምፒውተር ስለሞከርሁት እንከን ይገኝበታል ብዬ አልጠበቅሁም።

መመሪያውን መጀመሪያ የተቀበለችው የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን ነበረች። ካልጠየቀችኝ በቀር ላለመናገር ወስኜ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ላፕቶፑን ከፍላሽ ካስነሣች በኋላ መጫኛው የዋይፋይ ካርዱ ፈርምዌር (ካርዱን የሚያሠራው ትንሽ ሶፍትዌር) እንደጎደለ ገልጾ ፋይሉን እንድታቀርብ ጠየቃት። ዴቢያን 11 ነጻ ያልሆኑ፣ ማለትም ማንም ሰው ኮዳቸውን ዐይቶ እንዲያሻሽል የማይፈቅዱ ፈርምዌሮችን በይፋዊው መጫኛ ስለማያካትት፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘውን ፋይል ለማግኘት ራሱ ኢንተርኔት ያስፈልግ ነበር። የእኔ ኮምፒውተር ዋይፋይ ስላልነበረውና የሚሠራው በገመድ ብቻ ስለነበር ያን ገጽ ዐይቼው አላውቅም።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር አበላሸሁ መሰለኝ» አለችኝ። ምንም አላበላሸችም፤ የታዘዘችውን ሁሉ በትክክል ፈጽማ ነበር። ጀማሪ ሰው በእኛ ጉድለት ራሱን እንደሚወቅስ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ፋይሉን ከሌላ ኮምፒውተር አምጥተን ቀጠልን። ዲስክ መከፋፈያው ላይ መመሪያዬ ሙሉውን ዲስክ መጠቀምን ምረጡ ይላል እንጂ፣ ይህ ምርጫ ያለውን ሰነድ ሁሉ እንደሚያጠፋ አንድም ቦታ አልገለጸም። የመጨረሻው ማረጋገጫ ላይ እጇን ሰብስባ የሒሳብ ሰነዶቿ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ብቻ እንዳሉ ነገረችኝ። መጫኛው ማረጋገጫ ሳያገኝ ዲስኩን ስላልነካው አቋርጠን ሰነዶቹን ገለበጥን።

በማግስቱ መመሪያውን እንደ አዲስ ጻፍሁት። ሰነድ መገልበጥ የመጀመሪያው ሥራ ሆነ፤ ፈርምዌሮችን ያካተተውንና ይፋዊ ያልሆነውን የዴቢያን መጫኛ በፍላሾቹ ላይ አደረግሁ፤ የቋንቋ፣ የሰዓት ክልልና የኪቦርድ ጥያቄዎችን ፕሪሲድ በሚባለው የመልስ ፋይል አስቀድሜ መለስኋቸው። የዲስኩን ጥያቄ ግን ሆን ብዬ ተውሁት፤ ማቅለል ማለት ሰው ሊያስብበት የሚገባውን ውሳኔ ከእጁ መንጠቅ አይመስለኝምና።

በዚያው ዓመት የዴቢያን አልሚዎች ፈርምዌሩ በይፋዊው መጫኛ እንዲካተት በድምፅ ወሰኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዴቢያን 12ም ይህንኑ ይዞ መጣ። ሶፍትዌር ነጻ ይሁን የሚለው የዴቢያን መርሕ እንዳይሸረሸር የተከራከሩትን አከብራለሁ፤ ሆኖም ገና መጫኑ ላይ የቀረ ጀማሪ ያን ነጻነት ሊያገኘው አይችልም።

ባልደረባችን ሁለተኛውን ላፕቶፕ ስትጭን እንደገና አጠገቧ ተቀመጥሁ። የጠየቀችኝ የሩት (የኮምፒውተሩ ዋና አስተዳዳሪ) ይለፍ ቃል ከራሷ ይለፍ ቃል በምን እንደሚለይ ብቻ ነበር፤ እሱንም ወዲያው ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት።